ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ፦ ዲስቴምፐር የውሻን አንጎል ሲያጠቃ

ቡችላው አተኩሶት፣ ዓይኑና አፍንጫው እዥ እየወረደው፣ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ሰንብቶ መብላት ሲጀምር ባለቤቱ «ተረፈ» ይላል። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ግን ምንም ሳይጎርስ መንጋጋው ያኝካል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ ከዚያም ወድቆ ይንዘፈዘፋል። የእንስሳት ሐኪሞች ዲስቴምፐር በያዛቸው ውሾች ላይ ደጋግመው የሚያዩት አካሄድ ነው።

የዲስቴምፐር ቫይረስ የሰው ኩፍኝና የከብት ደስታ በሽታ ቫይረሶች የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሰውን ግን አያሳምምም። መንስኤው ቫይረስ መሆኑን በ1905 እ.ኤ.አ. ያመለከተው ፈረንሳዊው የእንስሳት ሐኪም አንሪ ካሬ ነበር። ቫይረሱ በትንፋሽ ገብቶ መጀመሪያ የሚወርረው ራሳቸውን የመከላከያ ሕዋሳትን ነው፤ በእነሱ ላይ ተሳፍሮም ወደ ሳንባ፣ ወደ አንጀት፣ በመጨረሻም ወደ አንጎል ይዘልቃል። እዚያም ነርቮችን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ላስቲክ የሚሸፍነውን ማይሊን ይልጣል። ጉዳቱ ትንሹ አንጎል ላይ ሲሆን ውሻው ይንገዳገዳል፤ ኅብለ ሰረሰር ላይ ሲሆን እግሮቹ ይዝላሉ።

ቫይረሱን ለይቶ የሚያጠፋ የተረጋገጠ መድኃኒት እስካሁን የለም። ሐኪሙ የሚያክመው ቫይረሱ ያስከተለውን ጉዳት ነው።

የሚጥለውን ውሻ በቶሎ ለማረጋጋት ዲያዜፓም ይሰጠዋል። ከዚያ በየቀኑ የሚወሰደው ፊኖባርቢታል ይከተላል፤ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎችም የሚወስዱት መድኃኒት ነው። ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። ብቻውን ካልበቃ ሌቬቲራሴታም ወይም ፖታሲየም ብሮማይድ ይታከላል። አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይነካም፤ የሚታዘዘው በደከመው ሰውነት ላይ የሚደረበውን የባክቴሪያ የሳንባ ምች ለማከም ነው። ስቴሮይድ የአንጎል እብጠትን ሊቀንስ ቢችልም የተዳከመውን የመከላከያ አቅም ይበልጥ ስለሚያዳክም ሐኪሞች በጥንቃቄ ይጠቀሙበታል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ማዮክሎነስ ነው፦ እግር ወይም መንጋጋ በእኩል ምት፣ ውሻው ተኝቶም ቢሆን፣ ሳያቋርጥ ይመታል። የሚጥልን በሽታ የሚያስታግሱት መድኃኒቶች እዚህ ላይ እምብዛም አይሠሩም፤ ምቱ ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ ይዘልቃል። ሆኖም በደንብ የሚበላና የሚራመድ ውሻ ከዚህ ምት ጋር ለዓመታት ሊኖር ይችላል። መንዘፍዘፉ በመድኃኒት አልገታ ብሎ እየባሰ የሄደበት ውሻ ግን የመዳን ተስፋው ጠባብ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር፣ ለሃጩ የሚዝረበረብና መንጋጋው የሚንቀጠቀጥ ውሻ «ዲስቴምፐር ነው» ተብሎ አይገመትም። ሐኪም እስኪያየው ድረስ አፉን መንካት አይገባም፤ የእብድ ውሻ በሽታ በሰው ላይ ምልክት ካሳየ በኋላ ገዳይ ነው።

ዲስቴምፐር የቤት ውሻን ብቻ አይፈጅም። በባሌ ተራሮች በ2005–2006 እና በ2010 እ.ኤ.አ. ቀይ ቀበሮዎችን ገድሏል። ለዱር እንስሳ በየቀኑ ክኒን መስጠት ስለማይቻል፣ መከላከያው ክትባት ነው። ለቤት ውሻም እንዲሁ ነው፦ በቡችላ ላይ ክትባቱ ከ6–8 ሳምንት ዕድሜ ይጀምርና እስከ 16 ሳምንት ድረስ በየ2–4 ሳምንቱ ይደገማል፤ ከእናቱ ያገኘው መከላከያ የመጀመሪያውን ክትባት ሊያከሽፈው ይችላልና። አንድ ጊዜ ብቻ የተከተበ ቡችላ ገና አልተጠበቀም።