የባሌ ቀይ ቀበሮና የግቢያችን ውሻ

ልጆች ስለ አገራቸው የዱር አራዊት በመጽሐፍ ካነበቡት ይልቅ በዓይናቸው ያዩት ይበልጥ ይጸናባቸዋል። ለዚህ ከሚመቹት ሥፍራዎች አንዱ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ጎብኚ ዲንሾ ከሚገኘው ጽሕፈት ቤት የመግቢያውን ከፍሎ ከአስጎብኚ ጋር በእግር ሲዘዋወር፣ ብዙ ሳይርቅ የደጋ አጋዘን ሲግጥ ያያል። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር የያዘ ደግሞ በውኃ ዳር የሚውለውን ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይና ሌሎችንም የደጋ ወፎች ለልጆቹ ለይቶ ሊያሳይ ይችላል። አደን ግን በፓርኩ ውስጥ ክልክል ነው። የደጋ አጋዘን የሚታደነው ከፓርኩ ውጭ ለአደን በተከለሉ ሥፍራዎች፣ በመንግሥት ፈቃድና በተወሰነ ቁጥር ብቻ ነው።

የሳነቴ አምባ ከፍታው ከ4 ሺህ ሜትር በላይ በመሆኑ ብርዱ ብርቱ፣ አየሩም ስስ ነው። ስለዚህ እናቶች ለልጆቻቸው ሹራብ፣ ኮፍያና ወፍራም ካልሲ መያዝ አለባቸው። ራሱን ያመመው ወይም ያቅለሸለሸው ልጅ ቢኖር ሳይዘገዩ ወደ ዝቅተኛ ሥፍራ ይዞ መውረድ ይገባል።

ቀይ ቀበሮ የሚገኘው በዚህ አምባ ላይ ነው። ፍልፈልና አይጥ የሚያድነው በቀን ስለሆነ ለማየት ብዙ አያስቸግርም። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ጠቅላላ ቁጥሩ 500 ያህል ቢሆን ነው፤ ከዚህም ከግማሽ የሚበልጠው የሚኖረው በባሌ ነው።

ለቀይ ቀበሮ ከአዳኝ ጥይት ይልቅ የሚያሰጋው ከቤት ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው በ1984 እና በ1996 ዓ.ም. በባሌ ገብቶ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ቀበሮዎቹ በቤተሰብ የሚኖሩና ቡችሎቻቸውን በጋራ የሚያሳድጉ በመሆናቸው፣ አንዱ ከታመመ በሽታው ለሌሎቹም ይተርፋል። በፓርኩ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ውሾች የሚከተቡትም በዚህ ምክንያት ነው።

ይኸው በሽታ በከተማም የልጆቻችን ጠላት ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። በመሆኑም የግቢን ውሻ በየዓመቱ ማስከተብ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ግዴታ ነው። ልጅ በውሻ ቢነከስ፣ ቁስሉ ትንሽ ነው ሳይባል ለ15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በብዙ ውኃ ማጠብ፣ ከዚያም በዚያው ዕለት ወደ ጤና ድርጅት ወስዶ ክትባት ማስጀመር ያስፈልጋል።

ወደ ባሌ የሚጓዝ ቤተሰብም ውሻውን እቤት ይተው፤ የተረፈ ምግብ በየመንገዱ አይጣል። ቀበሮዎች በመኪና የሚገጩበት ጊዜ ስላለ በሳነቴ መንገድ ላይ በዝግታ ይነዳ። ልጆችም ምክንያቱ ከተነገራቸው ከጉብኝቱ የሚመለሱት ቀበሮ አይተው ብቻ ሳይሆን ጥበቃውንም ተምረው ነው።