ያገለገለ ትራክተር ለሎደር ሥራ ሲመረጥ

ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት ከባድ ዕቃ ማንቀሳቀስ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ አስቀድማ ያወቀች ሥፍራ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮጳውያን ባለ እጆች ያሠሩት፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው የሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው በብዙ መቶ ሰዎች ክንድ እየተጎተተ ነው። ዛሬ በዚያው ደጋ ድንጋይ፣ አሸዋና ፍግ የሚያነሣ ሰው ከፊቱ ባልዲ የተገጠመለት ያገለገለ ትራክተር ቢፈልግ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ለእርሻ የተመሰገነ ትራክተር ሁሉ ለሎደር ይሆናል ማለት አይደለም።

ልዩነቱ የሚመጣው ከክብደቱ አቀማመጥ ነው። ማረሻ ከኋላ ይጎተታል፤ የፊት ጎማዎች ግን፣ ሞተሩ የኋላዎቹን ብቻ በሚያዞርባቸው ትራክተሮች ላይ፣ ለመሪ ያህል የተሰጡ ቀጫጭን ናቸው። በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል 2 ሜትር ያለው ትራክተር ከፊት ጎማው 1 ሜትር ተኩል ወጣ ባለ ባልዲ 5 ኩንታል አሸዋ ቢያነሣ፣ በፊት አክስሉ ላይ የሚጨመረው 500 ኪሎ ሳይሆን 875 ኪሎ ነው። ትርፉ 375 ኪሎ ከኋላ ጎማዎች ላይ የተነሣ ነው። ስለዚህ ኋላው ይቀላል፤ ጎማው ይንሸራተታል፤ ፍሬኑም ይደክማል። ተዳፋት በበዛበት አገር ደግሞ፣ ይልቁንም ባልዲው ወደ ላይ ከፍ ብሎ ከሆነ፣ መኪናው ተገልብጦ ነጂውን ሊገድል ይችላል።

መድኃኒቱ ከኋላ ባሉት የማንጠልጠያ ክንዶች ላይ ክብደት መስቀል ነው። ከኋላ ጎማው 1 ሜትር ርቆ የተሰቀለ 250 ኪሎ የጎደለውን 375 ኪሎ በሙሉ ይመልሳል፤ ከፊቱም 125 ኪሎ ያቀላል። ይህን ክብደት አብሮ የማያስረክብ ሻጭ ከዋጋው ሊቀንስ ይገባዋል።

ብዙ ገዢ አስቀድሞ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል፤ ቀለሙንም ያደንቃል። ምርመራው ግን ከፊት አክስል መጀመር አለበት። ፊቱ በክሪክ ተነሥቶ ጎማዎቹ በእጅ ሲነቀነቁ የሚላሉ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም ፒኑ አልቋል። አዲስ ቀለም በተቀባ አክስል ላይ የብየዳ ጠባሳ መፈለግ ያሻል። መሪው በሃይድሮሊክ የማይታገዝ ከሆነ ባልዲው በሞላ ቁጥር የነጂው ክንድ ይዝላል፤ ማሴይ ፈርጉሰን 135ን የመሰለው ትራክተር እንዲህ ያለ እገዛ ያለውም የሌለውም ስለሚገኝ የሞዴሉ ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ቀጥሎ ፍሪሲዮኑ ይታያል። የሚያርስ ትራክተር በአንድ ማርሽ ረጅም ትልም ይዞ ይሄዳል፤ ሎደር ግን ቀኑን ሙሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲመላለስ ይውላል። በከፍተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ተይዞ፣ ፍሪሲዮኑ ቀስ ብሎ ሲለቀቅ ሞተሩ ሊጠፋ ይገባል፤ ሳይጠፋ የሚያጓራ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል።

ሃይድሮሊኩ የሚፈተነው ዘይቱ ከሞቀ በኋላ ነው፤ ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ያረጀ ፓምፕ ይሸፍናል። ብልህ ሻጭም ይህን ስለሚያውቅ በማለዳ ማሳየት ይወዳል። የሞላ ባልዲ ከፍ ብሎ ሞተሩ ሲጠፋ ባልዲው ፈጥኖ ከወረደ የዘይት ማገጃ ጎማዎቹ ወይም ቫልቩ አልቀዋል። በፈተናው ጊዜ ከሥሩ ማንም ሊቆም አይገባም።

ስለ ሞተሩ ጥቂት ቃል ይበቃል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ይከብዳል፤ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ፋብሪካው የጻፈለትን የፈረስ ጉልበት በዚያ ሙሉ በሙሉ አይሰጥም። ደግነቱ ሎደር ከፈረስ ጉልበት ይልቅ የትራክተሩን ክብደት ይፈልጋል።

ለአስመጪዎች አንድ ነገር ይቀራል። ፈርጉሰንን በመሰሉ ትራክተሮች ላይ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለም፤ ሞተሩና ካምቢዮው በቡሎን ተያይዘው ራሳቸው አጥንት ሆነዋል። ስለዚህ የሎደሩ መያዣ ብረት እስከ ኋላ አክስል መድረስ አለበት፤ በሞተሩ ጎን ብቻ የታሰረ እንደሆነ ግን የሞተሩንና የካምቢዮውን መጋጠሚያ ሊሰነጥቅ ይችላል። መያዣው በየሞዴሉ ስለሚለያይ በትእዛዙ ደብዳቤ ላይ የትራክተሩ ሞዴልና የሻንሲ ቁጥር እየተባለ የሚጠራው ተከታታይ ቁጥር ሊጻፍ፣ መያዣውም በዋጋ ማቅረቢያው ውስጥ ለብቻው ተለይቶ ሊጠቀስ ያስፈልጋል።