ማኅበርና ተራ፤ ስለ ኤድስ በሽታና ስለ ዋግ ደጋ የመረዳዳት ልማድ

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ የዋግ ከተማ ናት። ዋግ በቀድሞው አከፋፈል ከወሎ ጠቅላይ ግዛት አውራጃዎች አንዱ ነበረ፤ ዛሬ በአማራ ክልል ውስጥ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ይባላል። ሕዝቡ በአመዛኙ ኽምጣናና አማርኛ የሚናገር አገው ሲሆን፥ ኑሮው በተራራና በገደል መካከል በሚታረስ ጠባብ መሬት፥ በፍየልና በንብ ላይ የተመሠረተ ነው። መንደር ከመንደር በሸለቆ ስለሚለያይ የሰው የቅርብ ረዳቱ ጎረቤቱ ነው። ስለዚህ እንደ ኤድስ ያለ ረዥም ሕመም በመጣ ጊዜ ሕዝቡ ምን አደረገ ብሎ የሚጠይቅ ተመራማሪ፥ አስቀድሞ ሊመለከት የሚገባው ሐኪም ቤቱን ሳይሆን ከሐኪም ቤቱ በፊት የነበሩትን የመረዳዳት ልማዶች ነው።

እነዚህ ልማዶች በዋግ እንደ ሌላው የሰሜን ክርስቲያን ደጋ ብዙ ስም ቢኖራቸውም በሁለት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ወገን በችግር ቀን የሚደርስ እርዳታ ነው፤ በከተማ እድር፥ በወሎ ገጠር ቅሬ የሚባለው የቀብር ማኅበር፥ እንዲሁም ለመበለት ወይም ለታመመ ሰው እርሻ የሚወጣው ደቦ ከዚህ ይቈጠራሉ። ሁለተኛው ወገን በተራ የሚሄድ ነው፤ ይኸውም ጉልበት በጉልበት የሚመለስበት ወንፈል፥ ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር ናቸው። በመጀመሪያው የተቸገረ ይቀበላል፤ በሁለተኛው ግን የተቀበለ ሁሉ መስጠት አለበት።

የጽዋ ማኅበር ሥርዓት ይህን በግልጥ ያሳያል። በአንድ ጻድቅ፥ በአንድ መልአክ ወይም በእመቤታችን ስም የተሰበሰቡ ምእመናን በየወሩ፥ በበዓሉ ዕለት፥ ከመካከላቸው በአንዱ ቤት ይገናኛሉ። የዕለቱ ተረኛ ጠላ ይጠምቃል፥ ዳቦ ያስጋግራል፤ ካህኑ ጸሎት አድርሶ ዳቦውን ይባርካል፤ ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ አለቃ ሥርዓቱን ያስጠብቃል። በመጨረሻም የማኅበሩ ጽዋ ለሚቀጥለው ተረኛ ይተላለፋል። እንግዲህ ማኅበርተኛ ማለት ከማኅበሩ የበላና የጠጣ ሰው ማለት አይደለም፤ ጽዋው በተራው ወደ ቤቱ የሚገባለት ሰው ማለት ነው እንጂ። ጽዋው ወደ ቤቱ የማይገባ ሰው ቢበላም ቢጠጣም እንግዳ ወይም ነዳይ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ማርሴል ሞስ ስለ ስጦታ በጻፈው ድርሰት መስጠት፥ መቀበልና መመለስ ሦስቱም ግዴታ መሆናቸውን፥ መመለስ ያልቻለም ሰው ክብሩ እንደሚቀንስ አስረድቷል። የጽዋ ማኅበር ለዚህ ሐሳብ እጅግ የተስማማ ምሳሌ ነው።

ወረርሽኝ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንግዳ ነገር አልነበረም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የበረታው የኅዳር በሽታ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ በማቃጠል እስከ ዛሬ ይታሰባል። ነገር ግን ያ በሽታ በጥቂት ቀን ወይ የሚገድል ወይ የሚለቅ ነበረ። ኤች አይ ቪ ግን በሰው ገላ ውስጥ ለዓመታት ተሸሽጎ ስለሚቆይ፥ የሚመጣበትም መንገድ ከሩካቤ ጋር ስለሚያያዝ፥ ከሕመሙ ጋር ሐሜትን ይዞ መጣ። ቫይረሱ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን፥ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተገኙት በ1978 ዓ.ም. ነው። ብሔራዊው ፖሊሲ በነሐሴ 1990 ዓ.ም. ወጣ፤ መድኃኒቱ በነፃ መታደል የጀመረው ግን በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ሕሙማኑ ከታወቁበት ጊዜ ጀምሮ በእነዚያ 19 ዓመታት ውስጥ የአብዛኛው በሽተኛ አልጋ ጠባቂ ቤተ ሰቡ፥ ቀባሪውም እድሩ ነበረ።

በዚያ ዘመን ተፈትኖ የተገኘው የመጀመሪያው ወገን ልማድ ነው። በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች ሬሳ ከመቅበር አልፈው በሕይወት ያለውን በሽተኛ መጠየቅ፥ ወላጅ የሞተበትንም ልጅ መርዳት ጀመሩ። ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎችም በ1990 ዓ.ም. ገደማ እንደ መቅድምና ተስፋ ጎሕ ያሉትን የራሳቸውን ማኅበራት አቋቋሙ። ነገር ግን ይህ በከተማ የሚቻል ነው። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው በከተማ 5.5፥ በገጠር 0.7 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በከተማ 2.9፥ በገጠር 0.4 በመቶ ሆነዋል። የገጠሩ ቍጥር ማነስ መልካም ዜና ቢሆንም ለበሽተኛው ሌላ ፍች አለው። በዋግ መንደር ሕመሟን ያወቀች ሴት፥ ወይም ከሑመራና ከመተማ የሰሊጥ እርሻ ታሞ የተመለሰ ወጣት፥ በአካባቢው እንደ እርሱ ያለ ሁለተኛ ሰው ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ሌላ ማኅበር የለውም፤ ያለው የቀድሞው ማኅበር ብቻ ነው።

ፈተናውም እዚህ ላይ ይጀምራል። ኤች አይ ቪ በግብረ ሥጋ፥ በደም፥ ከእናት ወደ ልጅም በእርግዝና፥ በወሊድና በጡት ይተላለፋል እንጂ፥ በአንድ ገበታ በመብላት፥ በአንድ ጽዋ በመጠጣት ወይም በጉርሻ አይተላለፍም። ይህን በቃል የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ሆኖም በቃል የሚያውቅ ሁሉ እጁን ወደ ገበታው አይዘረጋም። ከማኅበር መገለልም በአብዛኛው በግልጥ ተነግሮ አይፈጸምም። የማርያም ማኅበርተኛ የሆነች አንዲት ሴት ሕመሟ ታወቀ እንበል። ማንም ከማኅበሩ ውጪ አይላትም። ተራዋ ሲደርስ ግን ማኅበርተኞቹ፥ «ደክሞሻልና አትቸገሪ፤ ተራሽን እኛ እንወጣልሻለን» ይሏታል። ንግግሩ የርኅራኄ ነው፤ ፍሬው ግን እርሷ የጋገረችው ዳቦ እንዳይበላ፥ ጽዋውም ወደ ቤቷ እንዳይገባ ማድረግ ነው። በዚያች ቀን ከሁለተኛው ወገን ወጥታ ወደ መጀመሪያው ወገን፥ ከማኅበርተኛነት ወደ ተረጂነት ተዛወረች።

እዚህ ላይ ተራን ማዘግየትና ተራን መዝለል ሊለዩ ይገባል። ዋግ እህል የሚያጥርበት አገር ነው፤ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የወጣው የመንግሥት ውሳኔ የሰቆጣ ቃል ኪዳን መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ለጠላና ለዳቦ የሚሆን እህል ያጣ ሰው እስኪያገኝ ድረስ ተራው ቢዘገይለት፥ ወይም ማኅበርተኛው እህል ቢያበድረው፥ ግዴታው እንዳለ ስለሚቆይ ክብሩም ይቆያል። የተዘለለ ተራ ግን ግዴታውን ከክብሩ ጋር ይወስዳል።

ይህን ለማቃናት ከፍተኛ ሥልጣን ያለው ካህኑ ነው። እያንዳንዱ ቤት የነፍስ አባት አለው፤ እርሱም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ስላለበት ለሐኪም ያልተነገረውን ሊሰማ ይችላል። ከዚህም በላይ በማኅበሩ ዕለት ዳቦውን የሚባርክ እርሱ ነው፤ በሕመምተኛዋ ቤት ባርኮ ከቀመሰ በኋላ እምቢ የሚል ማኅበርተኛ ካህኑን መቃወም ይሆንበታል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማት ኮሚሽን ካህናትን ስለ ኤድስ ማሠልጠኑ፥ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ጸበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ ማስተማራቸው ለዚህ መንገድ ጠርጓል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአላባና በያቤሎ የተጀመረው የማኅበረሰብ ውይይትም ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው ተነጋግሮ የወሰነውን ከውጭ ከመጣ ትእዛዝ ይልቅ እንደሚጠብቅ አሳይቷል። በዋግም ኽምጣና የሚናገሩ ሽማግሌዎችና ሴቶች በገዛ ቋንቋቸው የሚያጸኑት ቃል ይበልጥ ይከበራል።

መድኃኒቱ ነገሩን በብዙ ለውጦታል። በየቀኑ ሳያቋርጥ የሚወስደውና ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው በግብረ ሥጋ በሽታውን ለሌላ አያስተላልፍም፤ ያርሳል፥ ይጋግራል፥ ልጅ ይወልዳል። እንግዲህ ተራውን እንዳይወጣ የሚከለክለው ድካም የለም። ሕክምና ለገላው ጉልበቱን ይመልስለታል፤ ተራውን የሚመልስለት ግን ማኅበሩ ብቻ ነው።

ይህም ማኅበር ራሱ የሚበተንበት ጊዜ አለ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ወደ ዋግ በዘለቀ ጊዜ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ሕዝብ ወደ ሰቆጣ ተሰደደ። ስደተኛ ሁሉ ተቀባይ ብቻ ስለሚሆን፥ ሕመምተኛው ከመድኃኒቱ ቀጠሮ ሌላ የሚያውቁትን ማኅበርተኞች ያጣል። ዩናይትድ ስቴትስም በጥር 2017 ዓ.ም. የውጭ እርዳታዋን ባገደች ጊዜ፥ በዚያ ገንዘብ የቆመው የኤድስ አገልግሎት ተናውጧል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሸክሙን ሕዝቡ ይሸከም ማለት ይቀላል። ሆኖም ቅሬና ደቦ ክኒን አይተኩም፤ ሐኪም ቤቱም የማኅበሩን ሥራ አይሠራም። ስለዚህ ወደ ዋግ ደጋ ወጥቶ የሕዝቡን ድርሻ ለመመዘን የሚሻ ተማሪ፥ ሕመምተኛዋን ማን እንደረዳት ብቻ ጠይቆ አይመለስ፤ ጽዋው ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ቤቷ የገባው መቼ እንደሆነም ይጠይቅ።