ትዳር ሲፈርስ ቤቱና ዕዳው የማን ነው?

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለእርግዝና ክትትል የመጣች አንዲት እናት የደም ግፊቷን እየለካሁ ሳለ፣ "ሲስተር፣ ልንፋታ ነው። ካርታው በእሱ ስም ነው፤ ልብሴን ይዤ ከመውጣት በቀር ምን አለኝ?" አለችኝ። እንቅልፍ የነሳት ጉዳይ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

እኔ አዋላጅ ነርስ እንጂ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ሆኖም ባልም ሆነ ሚስት ጠብ ሳይመጣ ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ። ከዚህ በታች የቀረቡት በ1992 ዓ.ም. ከወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የተወሰዱ ናቸው። ይህ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይሠራል። በርካታ ክልሎች የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስላወጡ፣ በክልል ከተማ የምትኖሩ የአካባቢያችሁን ፍርድ ቤት ጠይቁ።

የግል ወይስ የጋራ?

ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት፣ እንዲሁም በጋብቻ ጊዜ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዱ የደረሰ ንብረት የግል ነው። ከጋብቻ በኋላ በሥራ የተገኘ ገቢ ግን የጋራ ነው። ደመወዝም ቢሆን፣ የጉልት ትርፍም ቢሆን፣ ከግል ቤት የሚገኝ ኪራይም ቢሆን የሁለቱ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ካርታው፣ ሊብሬው ወይም የባንክ ደብተሩ በአንዱ ስም መሆኑ ብቻ ንብረቱን የግል አያደርገውም። የግሌ ነው የሚለው ወገን ማስረዳት አለበት። ሌላ ስምምነት ከሌለ የጋራው ንብረት እኩል ይከፈላል። በዓይነት ለመከፋፈል የማይቻል ከሆነ ተሸጦ ገንዘቡን ይካፈላሉ።

ዕዳስ?

ለቤተሰቡ መተዳደሪያና ለልጆች የገባ ዕዳ፣ ተበዳሪው አንዱ ቢሆንም፣ የሁለቱም ዕዳ ነው። ክፍፍሉም የሚደረገው የጋራ ዕዳ ከተከፈለ በኋላ ነው። በሌላ በኩል የጋራ ቤትን ለመሸጥ፣ ለማከራየት ወይም በመያዣነት ለመስጠት፣ እንዲሁም ከ500 ብር በላይ ለመበደር የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ወገን ድርጊቱን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛም ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ፣ እንዲፈርስለት ፍርድ ቤትን ሊጠይቅ ይችላል።

ፍቺ የሚፈጸመው የት ነው?

ቀድሞ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ፍቺን ይወስኑ የነበሩት የቤተ ዘመድ ዳኞች ነበሩ። አሁን ሽማግሌ ያስታርቃል፤ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ጨርቅን ጠቅልሎ ወላጅ ቤት መግባት ፍቺ አይደለም። ባልና ሚስት ተስማምተው የፍቺ ውላቸውን ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላሉ፤ ወይም አንዱ ብቻውን ማመልከት ይችላል። ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ጉዳዩ በመታየት ላይ ሳለም ስለ ልጆች አያያዝ፣ ስለ ቀለብና ስለ ንብረቱ አጠባበቅ ትእዛዝ ይሰጣል።

ልጅና እርግዝና

ልጆች ከማን ጋር እንደሚኖሩ ሲወሰን የወላጆች ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ ከሁሉም ጋር የልጆቹ ዕድሜና ጥቅም ይታያል። ልጆቹ ከአንዱ ጋር ቢኖሩም ሌላው ከቀለብ ነፃ አይሆንም።

ጋብቻው በፈረሰ በ300 ቀን ውስጥ የተወለደ ልጅ በጋብቻው ውስጥ እንደተፀነሰ ይገመታል፤ አባቱም ባልየው ነው ይባላል። ሴቷ ሌላ ለማግባት 180 ቀን መቆየት አለባት። ነገር ግን ከወለደች፣ የቀድሞ ባሏን መልሳ ካገባች ወይም እርጉዝ አለመሆኗ በሐኪም ከተረጋገጠ መቆየት አያስፈልጋትም።

ምን እናድርግ?

• የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የካርታና የብድር ውል ቅጂ ሁለታችሁም ዘንድ ይኑር።
• ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ።
• በሃይማኖት ወይም በባህል የተጋባችሁም ጋብቻችሁ በሕግ የጸና ነውና አስመዝግቡት።
• ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌላት እናት ከኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ ምክር ልታገኝ ትችላለች።

ያቺን እናት "ቤቱ መቼ ተሠራ?" ብዬ ጠየቅኋት። "የመጀመሪያ ልጃችንን ከወለድኩ በኋላ፣ በእቁቤ ብር ጭምር" አለችኝ። እንግዲያው ልብሷን ብቻ ይዛ የምትወጣበት ምክንያት የለም።