ሽቦ የሚጎነጉኑ እጆች፦ ኤልያስ ስሜና ዞማ

በጎንደር ቆላ፣ በሳንጃም ሆነ በመተማ ዮሐንስ፣ ሞባይል ጠጋኝ ቤት ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ሥር፣ መለዋወጫቸው ተነቅሎ የቀሩ ቦርዶች፣ የተሰነጠቁ ስክሪኖችና የተበጣጠሱ የቻርጀር ገመዶች የተጠራቀሙበት ካርቶን አይጠፋም። ሥራቸውን የጨረሱ ዕቃዎች ናቸው፤ አንድ ቀን ይቃጠላሉ ወይም ይጣላሉ። እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) በ1968 አዲስ አበባ የተወለደውና በ1990 ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀው ኤልያስ ስሜ ግን ስሙን በዓለም ያስጠራው በዚሁ ዓይነት ዕቃ ነው። ዕቃውን በአመዛኙ የሚገዛው ከመርካቶ ነው፤ ቁራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ብረትና ፕላስቲክ ተፈታትቶ፣ ተለይቶ ከሚሸጥበት ገበያ። ከ2009 ጀምሮ የሚሠራው ተከታታይ ሥራ ርዕሱ «የተወጠረ ገመድ» እንደማለት ነው፤ ሰው በቴክኖሎጂና በኖረበት ዓለም መካከል ሚዛኑን ጠብቆ የሚራመድበት ገመድ።

ስለ ኤልያስ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው «ቆሻሻን ወደ ጥበብ የቀየረ» የሚለው ሙገሳ ነው። ሙገሳው ልክ ቢመስልም ዋናውን ነገር ይስታል። የሥራው ክብደት ያለው በዕቃው መጣል ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ በፈሰሰው የእጅ ሥራ ላይ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን ላይ ፎቶ የተነሣ የእርሻ ማሳ ይመስላል፤ አረንጓዴው፣ ቡናማውና ቢጫው በድንበር ተለያይቶ ተዘርግቷል። ቀረብ ሲሉ ማሳው በሺህ የሚቆጠር ቀጭን ሽቦ ይሆናል፤ አንዱ ከሌላው ጋር ተጎንጉኖ፣ ጥቅጥቅ ብሎ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በሚስማር ተመትቷል። ቀለም የተቀባ ነገር የለም፤ ቀዩ ቀይ የሆነው ከፋብሪካ የወጣበት የፕላስቲክ ልባስ ቀይ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ሠሪው አንድ የቀለም ዓይነት ለማግኘት ቀለም አይደባልቅም፤ ያን ቀለም የለበሰ ሽቦ እስኪገኝ ይፈልጋል፣ ይለያል፣ ያጠራቅማል። ሞሰብ የምትሰፋ ሴት ስንደዶውን አስተካክላ፣ አክርማውን ነክራና በቀለም በቀለሙ ለይታ ወስፌ እንደምታነሣው ሁሉ፣ እዚህም ከመስፋቱ በፊት ያለው መለየት የሥራው ግማሽ ነው። በኮምፒውተር ቦርድ ፊት ያለው ጥበብ ከሙያተኛዋ ጥበብ የተለየ ዘር አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

«ታዲያ ይህን ማንም ይሠራው የለ?» የሚል አይጠፋም። ሽቦ መጎንጎን ማንም ይችላል፤ ኤልያስም በረዳቶች ነው የሚሠራው። አንድ ሜትር ጎንጉኖ ብዙ ሜትር በሚረዝም ሰሌዳ ላይ ዓይን የሚያርፍበትን ሥርዓት ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ጋናዊው ኤል አናትሱይ የጠርሙስ ክዳን በመዳብ ሽቦ እያያያዘ ግድግዳ የሚሞላ ጨርቅ የመሰለ ሥራ ሲያቀርብም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣል፤ ያም ሆኖ በ2015 ዓለም አቀፉ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ፣ የቬኒስ ቢዬናሌ፣ የዕድሜ ልክ ሥራ ወርቃማ አንበሳ ሽልማቱን ሰጥቶታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይጠነክራል፦ ይህ ሥራ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን ችግር አይፈታም። እውነት ነው። በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አወጣች፤ በሥርዓት ተሰብስቦ መልሶ ለጥቅም የዋለው ሩቡ እንኳ አልሞላም። ከዚህ ክምር ፊት አንድ ሠዓሊ የሚያነሣው ኢምንት ነው። እርሳስና ካድሚየም የያዘ ቦርድ ውሃና አፈር እንዳይበክል መከላከል የሕግና የፋብሪካ ሥራ ነው፤ ከኪነ ጥበብ መጠየቅም አግባብ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ሥራው በአመዛኙ የሚታየውና የሚገዛው ውጭ ነው፤ በ2022 በቬኒስ ቢዬናሌ ዋና ዐውደ ርእይ ቀርቧል፣ በካሊፎርኒያ የፌስቡክ መሥሪያ ቤትም ግድግዳ ላይ ወጥቷል። ከመርካቶ የተነሣ ቦርድ የቦርዱ ዓለም ጌቶች ደጃፍ ተመልሶ መሰቀሉ ምፀት አለው፤ ምፀቱን ግን የአገሬው ሰው ካላየው ምን ይጠቅመዋል? ለዚህ መልስ የሚሆነው ከሥዕሎቹ ይልቅ ኤልያስ ከአንትሮፖሎጂስቷና ከዐውደ ርእይ አዘጋጇ ከመስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋመው ዞማ ነው። በ2002 እንደ ሥነ ጥበብ ማዕከል ተጀምሮ በ2019 አዲስ አበባ፣ መካኒሳ አካባቢ፣ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ሕንፃዎቹ የጭቃና የጭድ ናቸው፤ ግድግዳዎቹ ላይ በእጅ የወጣ ጥለት እንደ ቅርጻ ቅርጽ ይሄዳል። ሽቦ በሚጎነጎንበት እጅ ጭቃ ይቦካል ማለት ነው።

ለሳንጃ ሰው አዲስ አበባ ሩቅ መሆኑ አይካድም። ይሁንና ቤቱን በእንጨት አቁሞ፣ በማገር አያይዞ፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ የሚመርግ ቆለኛ ከቬኒስ ጎብኚ ይልቅ ዞማን ለመተቸት የበቃ ነው። ጥለቱን አይቶ ከማድነቁ በፊት ጭቃው ስንት ቀን እንደተቦካ፣ ጣሪያው ግድግዳውን አልፎ ምን ያህል እንደወጣ ይጠይቃል። ዝናብ የሚያጥበው ጭቃ በየጊዜው መለሰን አለበትና፣ እንዲህ ያለ ሙዚየም እስከቆመ ድረስ ደመወዝ የሚከፈለው ጭቃ መራጊ ያስፈልገዋል።