የጠመንጃ በርሜል ስንት ጥይት ይችላል?

በርሜል፣ ማለትም ጥይቱ የሚያልፍበት ቱቦ፣ የሚያልቀው በመፋተግ ብቻ ይመስላል። ዋናው ጠላቱ ግን ሙቀት ነው። ቃታው ሲሳብ የሚነደው ባሩድ ከ2,000 ዲግሪ በላይ የጋለ ጋዝ ይፈጥራል። ብረት የሚቀልጠው ደግሞ 1,500 ገደማ ላይ ነው። በርሜሉን የሚያተርፈው የጊዜው ማጠር ነው። ጥይቱ በአንድ ሺህኛ ሰከንድ አካባቢ ወጥቶ ይሄዳል። 5,000 ጥይት የተኮሰ በርሜል የሠራበት ጊዜ ቢደመር 10 ሰከንድ አይሞላም።

ጉዳቱ የት ይጀምራል? ከጥይቱ ማረፊያ ፊት ለፊት፣ ጥምዞቹ በሚነሱበት ቦታ። ጥምዝ የሚባለው ጥይቱን እያሾረ ቀጥ አድርጎ የሚሰደው የውስጥ ቦይ ነው። ያን ቦታ በቀጭን ካሜራ ቢያዩት ውሃ የሸሸው መረሬ መሬት ይመስላል፤ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቋል። ስንጥቁ ሲሸረፍ የጥምዞቹ መነሻ ወደ ፊት ይርቃል፤ ጥይቱም ተዛንፎ መግባት ይጀምራል።

ታዲያ ስንት ይችላል? እንደ ጥይቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ በአዳኞች ዘንድ የተለመደው የ.308 ዊንቸስተር ጥይት በርሜል ለኢላማ ውድድር 5,000 ያህል ያገለግላል። .243 ዊንቸስተር የዚያው ቀለሃ አንገቱ ጠቦ የተሠራ ነው። ያን የሚያህል ባሩድ በጠባብ ቀዳዳ ስለሚያልፍ ብዙ ጊዜ ግማሹን ያህል እንኳ አይቆይም። ባሩዱ ጥቂት የሆነው ትንሹ .22 ግን አሥር ሺዎችን ይሻገራል።

የአብዛኛው ክላሽ በርሜል ውስጡ ክሮም የተለበጠ ነው። ክሮም ሙቀትንና ዝገትን ይችላል፤ ልባጡ ፍጹም እኩል ስለማይሆን ግን የውድድር ተኳሾች አይመርጡትም።

ዋጋውስ? አሜሪካ ውስጥ ጥሩ በርሜል ከነማስገጠሚያው ከ600 እስከ 1,000 ዶላር ያስወጣል። 5,000 ጥይት አንዱ በ1 ዶላር ቢታሰብ እንኳ 5,000 ዶላር ነው። ስለዚህ በርሜል ለመቆጠብ ብሎ ልምምድ መቀነስን አልመክርም። የሚጎዳው አከታትሎ መተኮስ ነው። ጥቂት ከተኮሱ በኋላ ጠመንጃውን ባዶ ያድርጉና በርሜሉን በመዳፍዎ ይያዙት። ይዘው መቆየት ካቃተዎ ያሳርፉት።

የድሮ ጥይት የሚተኩስ ሰው ሌላም ሥራ አለበት። የብዙዎቹ መለኮሻ ጨው ትቶ ያልፋል፤ ጨዉ እርጥበት ስቦ ያዝጋል። ዘይት ጨው አያሟሟም። በዚያው ቀን በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት መቀባት ያስፈልጋል።

ጥይቶችዎ ኢላማው ላይ መራራቅ ከጀመሩ ወዲያው በርሜል አይግዙ። መጀመሪያ የማነጣጠሪያ መነጽሩን ብሎኖች ያጥብቁ፣ በርሜሉን ያጽዱ፣ ሌላ ዓይነት ጥይት ይሞክሩ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልተሰበሰቡ በርሜሉ አልቆ ሊሆን ይችላል።