ሰልፉን ያረዘመው ኩዌሪ



ባለፈው ዓመት መጨረሻ ክሊራንስ ለመጨረስ በጀመዓችን ቤተ መጻሕፍት በር ላይ የተሰለፋችሁ ታስታውሱታላችሁ። ያልተመለሱ መጻሕፍትን ዝርዝር የሚያወጣው ገጽ እስኪከፈት ብዙ ያስጠብቅ ነበር። የአውቶቡስ ቲኬት ቆርጦ፣ ሻንጣውን ይዞ የቆመን ወንድም «ትንሽ ታገስ፣ እየፈለገ ነው» ማለት ያሳፍራል። በስተመጨረሻ ዝርዝሩን ሳናይ ማሳለፍ ጀመርን፤ አማና የነበሩ ኪታቦችም በዚያው ቀሩ። ፕሮግራሙን የሠራነው እኛው ነን፤ ጥፋቱም የእኛው ነው። የት እንደተሳሳትንና እንዴት እንዳስተካከልነው ብንጽፈው የመመረቂያ ፕሮጀክት ለምትሠሩም ይጠቅማል ብለን አሰብን።

መጀመሪያ ያማነው ኮምፒውተሩን ነበር። «አርጅቷል» ብለን ራም መግዣ መዋጮ ልንጠይቅ ሁሉ ነበር። ከመገመት ይልቅ ግን ዳታቤዙን ራሱን መጠየቅ ይቻላል። በማይኤስኪውኤልም ሆነ በፖስትግሬስ ከኩዌሪው ፊት «ኤክስፕሌይን» የሚለውን ቃል ብናስቀድም፣ ሥራውን በምን መንገድ ሊሠራ እንዳሰበ ይነግረናል። የእኛ ማይኤስኪውኤል በውሰት ሰንጠረዡ አንጻር «ኦል» የሚል ጻፈልን፤ ሰንጠረዡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ረድፍ አነባለሁ ማለቱ ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ «ዩዚንግ ፋይልሶርት» አለ። ሁለቱም ችግሮቻችን እዚያው ተጽፈው ነበር።

ጆይኑ

ጆይን ማለት የአንዱን ሰንጠረዥ ረድፍ ከሌላው አቻው ጋር ማገናኘት ነው፤ እኛ የአባሉን ስም ከወሰደው መጽሐፍ ጋር እናገናኛለን። ለምሳሌ 2,000 አባላትና 50,000 የውሰት ረድፎች ቢኖሩ፣ እያንዳንዱን አባል ከእያንዳንዱ ውሰት ጋር ማወዳደር 100 ሚሊዮን ጊዜ ማወዳደር ነው። ማይኤስኪውኤል ከ8.0.18 እትም ጀምሮ ሃሽ ጆይን የሚባል የተሻለ ዘዴ አለው፤ የእኛ ግን ከዚያ በፊት የነበረ እትም ነው።

መድኃኒቱ ኢንዴክስ ነበር። ኪታብ የቀራ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አንድን ርዕስ ፈልጎ ትልቅ ኪታብ የሚገልጥ ደረሳ ከመጀመሪያው ገጽ አይጀምርም፤ ፊህሪስቱን ያያል። ኢንዴክስም የዳታቤዙ ፊህሪስት ነው። በቅደም ተከተል ከተቀመጡ 50,000 ቁጥሮች ውስጥ በየጊዜው ግማሹን እየጣሉ ቢፈልጉ 16 እርምጃ ይበቃል። ለ2,000 አባላት 32,000 እርምጃ ማለት ነው። ከ100 ሚሊዮን ጋር አስተያዩት!

የአባላት ሰንጠረዥ በዋና ቁልፉ ኢንዴክስ ነበረው። የረሳነው በውሰት ሰንጠረዥ ላይ ያለውን የአባል ቁጥር ነው። የውጭ ቁልፍ ብለን አውጀነው ቢሆን ማይኤስኪውኤል ኢንዴክሱን ራሱ ይሠራልን ነበር። ፖስትግሬስ የምትጠቀሙ ግን ልብ በሉ፦ እሱ የውጭ ቁልፍ ብታውጁም ኢንዴክሱን ለእናንተ ይተዋል።

ድርደራው

«ፋይልሶርት» ሲባል የግድ ዲስክ ላይ ይጻፋል ማለት አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ከኢንዴክስ ስላላገኘሁ ራሴ እደረድራለሁ ማለት ነው። ለድርደራ የተመደበው ቦታ በማይኤስኪውኤል ካልተቀየረ 256 ኪሎባይት ነው። ከዚያ የበለጠ ሲሆን በከፊል ዲስክ ላይ እየጻፈ ይደረድራል፤ ያኔ ይንቀረፈፋል። እኛ ደግሞ የመጽሐፉን መግለጫ ጨምሮ ሁሉንም ዓምድ ነበር የምንጠይቀው። ስም፣ ርዕስና ቀን ብቻ ስንጠይቅ የሚደረደረው ሸክም ቀለለ።

የአንድን አባል የቅርብ 20 ውሰቶች የሚያሳየው ገጽ ደግሞ ድርደራ ጭራሽ አላስፈለገውም። የአባል ቁጥርንና የውሰት ቀንን በአንድ ኢንዴክስ አጣመርናቸው። የአንድ አባል ውሰቶች በቀናቸው ተደርድረው ስለሚቀመጡ፣ ዳታቤዙ ከመጨረሻው 20 አንስቶ ያቆማል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በስም ከዚያም በአባት ስም የተደረደረ መዝገብ የአባት ስም ብቻ ለሚያውቅ ሰው አይረዳም። ስለዚህ በእኩልነት የሚፈለገው ዓምድ ይቀድማል፣ የሚደረደርበት ይከተላል።

ሁለት ማሳሰቢያዎች

አንደኛ፣ ኢንዴክስ ነጻ አይደለም። አዲስ ውሰት በተመዘገበ ቁጥር ኢንዴክሱም ይታደሳል፤ ስለዚህ በየዓምዱ ላይ አትደርድሩት። ሁለተኛ፣ ኢንዴክስ ያለውን ዓምድ በኩዌሪው ውስጥ አትሸፍኑት። ከቀኑ ላይ ዓመቱን ብቻ በፈንክሽን አውጥታችሁ ብታወዳድሩ የቀኑ ኢንዴክስ አያግዝም፤ «ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን» ብላችሁ ጠይቁ።

ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላም ኤክስፕሌይንን መልሳችሁ እዩ፤ ሰዓትም ያዙ። እኛ ገንዘብ ሳናወጣ፣ በዚያው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ገጹ ወዲያው ይከፈትልን ጀመር፤ አልሐምዱሊላህ። ዘንድሮ ኢንሻአላህ ማንንም ዝርዝሩን ሳናይ አናሳልፍም። እናም በእጃችሁ የቆየ ኪታብ ካለ ከአሁኑ መልሱ፤ ገጹ እንደ ድሮው ቀርፋፋ አይደለም!

ወቢላሂ ተውፊቅ።